ሳይታጠቡ የቆዩ ፊልሞች ዛሬ ምስል ይሰጣሉ ወይ? ከጅማ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

መነሻ ጽሑፍ

ለመድረኩ አባላት የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ጥያቄዬ ከተነሡ ብዙ ዘመን ያለፋቸውን፣ ነገር ግን ሳይታጠቡ የቀሩ ፊልሞችን ይመለከታል። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ይኖሩ የነበሩት አጎቴ ካረፉ በኋላ ለእኔ በደረሰኝ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሦስት ፊልሞች ተገኝተዋል። የመጀመሪያው በወረቀት የተጠቀለለ ሰፊ ፊልም ሲሆን፣ በወረቀቱ ላይ ኮዳክ፣ ቬሪክሮም ፓን እና የፊልሙን መጠን የሚያመለክተው 620 የሚሉ ጽሑፎች ይነበባሉ። ሁለተኛው በጥቁር ፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ ያለ፣ ኮዳከለር ኤክስ የተባለ የቀለም ፊልም ነው። ሦስተኛው ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ እስከ ዛሬ ዜኒት ካሜራ ውስጥ እንደተቆለፈ ነውና። አጎቴ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ያገለገሉ ሲሆን፣ ሁለቱ የኮዳክ ፊልሞች በዚያ ከነበሩ አሜሪካውያን መምህራን እጅ የመጡ ይመስለኛል። ዜኒቱን ግን የገዙት በደርግ ዘመን እንደነበር በቤት ውስጥ ይነገራል።

ያማከርኩት አንድ ፎቶ ቤት ፊልሞቹ ተቃጥለዋልና ይጣሉ የሚል መልስ ሰጥቶኛል። ዘመዶቼ በበኩላቸው ለሙት ዓመቱ እንዲደርስ አንዱን እንኳ ቶሎ አሳጥብ እያሉ ያጣድፉኛል። እኔ ሁለቱንም አልተቀበልኩም። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀ ፊልም ጥቂት ወራት ቢጨመሩበት ብዙ የሚጎዳው አይመስለኝም፤ በችኮላ የተከፈተ እንደሆነ ግን መመለሻ የለውም። ስለ ጉዳዩ የምታውቁ ብታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

(የውይይቱ ክር እየረዘመ ስለሄደና ከመሃል የሚገቡ አንባቢዎች የተመለሰውን ጥያቄ ደጋግመው ስለሚያነሱ፣ ምላሾቹን በየተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ጠቅልዬ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። ስድብ የነበረባቸውን አለዝቤአለሁ።)

1ኛ ምላሽ። የአዲስ አበባ ነዋሪ የሆኑት የመጀመሪያው መላሽ ነፍስ ይማር ካሉ በኋላ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ምንም ነገር እንዳልከፍት አጥብቀው አሳሰቡ። ብርሃን የነካው ፊልም ካልነካው በዓይን አይለይም። ምስሉ በብር ጨው ቅንጣቶች ላይ በተፈጠሩ እጅግ ጥቂት የብር አቶሞች ተመዝግቦ የሚቆይ ስውር ምስል በመሆኑ፣ ዴቨሎፐር የተባለው ማጠቢያ ኬሚካል እነዚያን ቅንጣቶች መርጦ ወደ ጥቁር ብር እስኪለውጣቸው ድረስ ማንም ሊያየው አይችልም። ዘመን ሲያልፍ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ፦ ስውሩ ምስል እየደከመ ይሄዳል፣ ብርሃን ያልነካቸው ቅንጣቶች ደግሞ በሙቀት፣ በእርጥበትና በተፈጥሮ ጨረር እየተነኩ ብርሃን እንደነካቸው ሁሉ መጥቆር ይጀምራሉ። ባለሙያዎች ጭጋግ የሚሉት ይህንን ነው። የአጣቢው ሥራ እንግዲህ የደከመው ምስል ጭጋጉን ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ ነው። እስከዚያው ፊልሞቹ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጡ መልካም እንደሆነ፣ ሲወጡም ከረጢቱ ሳይከፈት ወደ ክፍሉ ሙቀት መመለስ እንዳለባቸው፣ አለዚያ ጤዛ እንደሚይዛቸው አክለዋል።

2ኛ ምላሽ። የአጋሮ ነዋሪ የሆነች ነርስ በእናቷ ካሜራ ላይ የደረሰውን አጫወተችን። ካሜራው ውስጥ የቀረውን ፊልም ይዛ አንድ ፎቶ ቤት ብትሄድ፣ ሠራተኛው ፎቶ ይኑርበት አይኑርበት ላረጋግጥ ብሎ ከካሴቱ ክንድ የሚያህል መዝዞ በመስኮቱ ብርሃን ተመለከተው፤ ግራጫና ሐምራዊ ቀለም ብቻ ስላየም ፊልሙ አልተነሣበትም ብሎ መለሰላት። ተነሥቶበት እንደነበር ያወቀችው ከካሴቱ ሳይወጣ የቀረው ጫፍ በኋላ ታጥቦ የአባቷን ትከሻና የአንድ በር ግማሽ ሲያሳያት ነው። ከክሩ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ምላሽ ነበር። ዜኒቱን ወደ ፎቶ ቤት ይዤው የሄድኩ ዕለት ሠራተኛው የጀርባ መክፈቻውን ለመሳብ እጁን ልኮ ነበርና።

3ኛ ምላሽ። በጅማ ከተማ ለረጅም ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ በመድረኩ ሁላችንም ሀጂ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ገቡ። ፊልም በእጅ ይታጠብ የነበረበትን ጊዜ በሰፊው ተረኩልን። ዴቨሎፐሩ በሸክላ ሳህን፣ ምስሉን የሚያጸናው ሃይፖ በባልዲ ይቀርብ ነበር፤ ማለቅለቂያው ንጹሕ የዝናብ ውኃ ነበር፤ ነጌቲቩ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ይደርቅ ነበር። በቡና መልቀሚያ ወራት ከገጠር ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶግራፍ ስለሚፈልግ ሌሊቱን ያድሩበት እንደነበርም አልሸሸጉም። ኬሚካሉ ከተገኘ የእኔንም ፊልም በቀይ አምፖል ብርሃን ሥር ራሳቸው ሊያጥቡልኝ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ።

4ኛ ምላሽ። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር የሆነ አባል፣ ሀጂን ይቅርታ ጠይቆ ቀዩን አምፖል ተቃወመ። ፓን የሚለው ጽሑፍ ፊልሙ ለቀይም ብርሃን ጭምር ስሜት ያለው መሆኑን ስለሚያመለክት፣ ድቅድቅ ጨለማ ካልሆነ በስተቀር ፊልሙ ጭራሽ ይጠቁራል ሲል ገለጸ።

5ኛ ምላሽ። ሀጂ ተቆጡ። መምህሩ ገና ሳይወለድ እርሳቸው ጨለማ ክፍል ውስጥ እንደነበሩ፣ ቬሪክሮምን በቀይ መብራት ሥር እያዩ በብዛት እንዳጠቡና አንዱም እንዳልተበላሸባቸው፣ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ እጅ አለው ማለት እንዳልሆነ ጻፉ።

6ኛ ምላሽ። አንድ ካሜራ ሰብሳቢ ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር አበረደው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው ቬሪክሮም ቀይ የማይሰማው ፊልም ስለነበረ ሀጂ ያሉት ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የተተካው ቬሪክሮም ፓን ግን ቀይ ስለሚሰማው መምህሩም ልክ ነው። ሰብሳቢው በዚሁ ላይ አንድ የምሥራች ጨመረ፦ ቬሪክሮም ፓን ስውር ምስልን ለረጅም ዘመን በመጠበቅ ረገድ በአሮጌ ፊልም አጣቢዎች ዘንድ እጅግ የተመሰገነ በመሆኑ፣ ከሦስቱ ፊልሞች ተስፋ የሚጣልበት ዕድሜው የገፋው ነው።

7ኛ ምላሽ። የሀጂ ነበር፤ አጭር ነው። ፊልሙ ፓን ከሆነ አምፖሉ ይጠፋል፤ እጃቸው ብርሃን አያስፈልገውም።

8ኛ ምላሽ። ስሜት የተሞላበት ጽሑፍ ያቀረበ አንድ ወጣት የስዊድኑን የአንድሬን የዋልታ ጉዞ አነሳ። በፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ የተነሱት ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1897 ከጠፉ በኋላ ካምፓቸው በክቪቶያ ደሴት የተገኘው በ1930 ሲሆን፣ በበረዶ ውስጥ የቆዩትን ፊልሞች ዮን ኸርትስበርግ የተባለ ባለሙያ አጥቦ ከ240 ያህል ፍሬሞች 93 ምስሎችን ለማዳን ችሏል። ሠላሳ ሦስት ዓመት በበረዶ ውስጥ የቆየው ከዳነ የጅማው ለምን አይድንም የሚል ነበር ክርክሩ።

9ኛ ምላሽ። ከሊሙ የጻፉ አንድ ግብርና ባለሙያ ለዚህ ተስፋ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሱበት። ኸርትስበርግ ያጠበው ውርጭ የጠበቀውን ፊልም ነው። ጅማ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት፣ ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚሻግትባት ከተማ ናት፤ የቆርቆሮ ሣጥን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በክረምት ደግሞ ያልበዋል። ሻጋታ ምስሉን የያዘውን ስስ የፊልሙን ሽፋን፣ ጀላቲኑን፣ እንደ ምግብ ይበላል፤ የተበላው ጀላቲንም ውኃ ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ ሻጋታ የታየበት የታጠበ ነጌቲቭ በውኃ ሳይሆን በአልኮል በራሰ ለስላሳ ጨርቅ መጠረግ እንዳለበት አሳሰቡ። ይህ ለእኔ ፊልሞች በቀጥታ የሚሆን ምክር ባይሆንም፣ በአልበሞቻችን ጀርባ ነጌቲቭ ላስቀመጥን ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ እዚህ አኑሬዋለሁ። እኚሁ ሰው ለብርሃን ፈጣን የሆነ ፊልም ከዘገምተኛው ይልቅ ቶሎ እንደሚጨግግ፣ ከጠፈር የሚመጣውን ጨረር ደግሞ ማቀዝቀዣም እንደማያስቆመው አስታወሱ።

10ኛ ምላሽ። ወደ ቀለሙ ፊልም የገባው የመጀመሪያው ሰው ከሐዋሳ ነው። ከተማው ውስጥ የቀለም ፊልም ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤት ከተገኘ ኮዳከለሩን እዚያ መስጠት ብቻ ነው አለ።

11ኛ ምላሽ። ካሜራ ሰብሳቢው ለዚህ በጣም ሻከር ባለ ቃል መለሰ። ኮዳከለር ኤክስ የሚታጠበው ሲ 22 በተባለው አሠራር በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተተካው ሲ 41 ግን 38 ዲግሪ ይጠጋል። የድሮው ፊልም ቆዳ፣ ማለትም ጀላቲኑ፣ ይህን ሙቀት እንዲችል ስላልተሠራ ማሽኑ ውስጥ ይለሰልሳል፣ ተገፍፎም ይቀራል፤ ማሽኑንም ያበላሻል። ቀለሙ ላይመለስ ሄዷል ብሎ መቁረጥና በጥቁርና ነጭ ዴቨሎፐር በቀዝቃዛው ማጠብ ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ በቀለም ፊልም ውስጥም ቢሆን መጀመሪያ የሚፈጠረው ምስል የብር ነውና። ሳያውቁ የሚመክሩ ሰዎች ከሻጋታ ይልቅ ፊልም እንደሚያጠፉም ጨምሮ ጻፈ። ይህን ዓረፍተ ነገር እዚህ ያስቀረሁት አነጋገሩን ወድጄው ሳይሆን ሐሳቡ እውነት ስለሆነ ነው።

12ኛ ምላሽ። የሐዋሳው ሰው ቅር ቢለውም ነገሩን በማመስገን ተቀበለ፤ ኮዳክሮም ስለተባለው ሌላው የኮዳክ የቀለም ፊልምም ጠየቀ። እዚያው ላይ መምህሩ፣ ኮዳክ ፊልሙን ማምረት እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳቆመ፣ በዓለም ላይ የመጨረሻው አጣቢ የነበረው የካንሳሱ ድዌይንስ ፎቶም በ2010 መጨረሻ መቀበል እንዳቆመ፣ ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ኮዳክሮም ሁሉ በጥቁርና ነጭ ብቻ እንደሚታጠብ ገለጸለት።

13ኛ ምላሽ። እስኪመጣ ስጠብቀው የነበረው ምላሽ መጣ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ፊልም በቡና እንደሚታጠብ ሰምቻለሁና የቡና አገር ተቀምጠን ኬሚካል ፍለጋ መንከራተታችን ያሳፍራል አለ። አሠራሩን ሁሉ ዘረዘረው፦ ለአንድ ሊትር ውኃ 54 ግራም የልብስ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም በውኃ የሚሟሟ የቆርቆሮ ቡና። ካፌኖል የተባለው ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአንድ መምህርና በተማሪዎቻቸው የተሞከረ መሆኑንም ጠቀሰ።

14ኛ ምላሽ። መምህሩ አሠራሩ እውነተኛ መሆኑን መሰከረ። ነገር ግን የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን በቡናው ውስጥ ያለው የካፌይክ አሲድ ወገን እንደሆነ፣ ይህም በሮቡስታ ቡና እንጂ የጅማው ዓይነት በሆነው በአረቢካ ያን ያህል እንደማይበዛ፣ ስለዚህም ለዚህ ሥራ ከጅማ ቡና ይልቅ ርካሹ የቆርቆሮ ቡና እንደሚሻል አስረዳ።

ከ15ኛው እስከ 17ኛው ያሉት ምላሾች የጅማ ቡና ክብር ስለተነካባቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ የጀበናውን አተላ ይሞክሩት አለ፤ ሌላው የዘንድሮን የጀንፈል ዋጋ አንስቶ ክሩን ወደ ገበያ ይዞት ሊሄድ ነበር። የመድረኩ አስተባባሪ መለሱት። ከእነዚህ መካከል ቁም ነገር የነበረው የሀጂ ነው፦ ቡና ፊልሙን በቡናማ ቀለም ስለሚነክር፣ ጭጋግ ባለበት አሮጌ ፊልም ላይ ጨለማ መደረብ ይሆናል፤ መሞከር የፈለገ ዛሬ በተነሣ ፊልም ይሞክር፣ የሞተን ሰው ዕቃ መለማመጃ ማድረግ ነውር ነው። ተማሪው ይቅርታ ጠይቋል።

18ኛ ምላሽ። አንዲት የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ጊዜው ላለፈበት ፊልም በየአሥር ዓመቱ አንድ ደረጃ ብርሃን መጨመር የሚለውን የታወቀ ልማድ ጠቅሳ፣ የእኔም በዚያ ስሌት በዴቨሎፐር ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ አለች። ካሜራ ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ ለስለስ ብሎ አረማት። ያ ልማድ አሮጌ ፊልም ገዝቶ ዛሬ ፎቶ ለሚያነሣ ሰው የሚሆን ነው፤ ፊልሙ ድሮ ተነሥቶ ያለቀ ከሆነ የሚጨመር ብርሃን የለም፤ ጊዜውን ያለ ልክ ማስረዘም ደግሞ ከምስሉ ይልቅ ጭጋጉን ያደልባል።

19ኛ ምላሽ። ከሁሉ የረዘመው ይህ የመምህሩ ጽሑፍ ነው፤ ሥራው በኋላ የተሠራውም በዚሁ መሠረት ነው። ዲ 76 የተባለው የኮዳክ ዴቨሎፐር እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ቀመሩ የታወቀ በመሆኑ፣ የታሸገው ባይገኝ እንኳ ከጥሬ ኬሚካል ሊቀመም ይችላል፦ በአንድ ሊትር ውኃ 2 ግራም ሜቶል፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 2 ግራም ቦራክስ። ለአሮጌ ፊልም ሲሆን ጭጋግ የሚገታ ፖታሲየም ብሮማይድ ይጨመርበታል፤ ከተገኘ ቤንዞትራያዞል የበለጠ ይረዳል። ኤች ሲ 110 የሚባለውን ዴቨሎፐር ያገኘ ሰው እርሱን ቢመርጥ አይሳሳትም፤ ጭጋግ በማሳነስ የታወቀ ነውና። ሜቶል የአንዳንድ ሰውን ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ይደረግ። ከሁሉ በላይ ግን ማንም ሰው ፊልሙን በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዳያጥብ፦ በጨለማ ከጫፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ለብቻው ይታጠብ፣ ይታይ፣ ጊዜውና የብሮማይዱ መጠን ይስተካከል፣ ከዚያ ቀሪው ይከተል። ዴቨሎፐሩን የሚያቆመው አሲድ ይቅር፣ በውኃ ብቻ ይለቅለቅ፤ የላላ ቆዳ ድንገተኛ ለውጥ አይችልምና። ይህን ሁሉ የጻፈው ሰው በ5ኛው ምላሽ የተዘለፈው ያው መምህር ነው።

20ኛ ምላሽ። ስለ ዜኒቱ ነበር። እኔ በመሃል ቆጣሪው 22 ላይ እንደቆመ ጽፌ ስለነበር፣ አንድ የካሜራ ጥገና ባለሙያ በእንዲህ ያለው ዜኒት ላይ ቆጣሪው በእጅ ስለሚስተካከል ምንም እንደማያረጋግጥ ነገሩኝ። ማረጋገጫው የመልሶ መጠቅለያው ጉልላት ነው፦ በቀስታ ሲዞር የሚይዝ ከሆነ ፊልም አለ። ፊልሙ ተጠቅልሎ ሲወጣም፣ ደረቅ አሮጌ ፊልም በጥርሶቹ ላይ ሊበጠስ ስለሚችል ካሜራው በጨለማ ይከፈት። በዚያ ዘመን ከምሥራቅ ጀርመን ይመጣ የነበረው ኦርዎ ፊልም ሊሆን እንደሚችልም ገመቱ።

21ኛ ምላሽ። ከዋሽንግተን የጻፈ የጅማ ተወላጅ፣ እዚህ ከመታገል ወደ ውጭ ብትልኩት ይሻላል፣ ካናዳ ውስጥ ፊልም ሬስኪዩ የሚባል በአሮጌ ፊልም ብቻ የሚታወቅ ቤት አለ አለ። አባባሉ ትክክል ነው፤ ጉዳዩ ጉዞው ነው። ወዲያው የተከተሉት ሁለት ሰዎች የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻን አነሱ። በሻንጣ የሚገባ ዕቃ የሚፈተሽበት ራጅ ኃይለኛ በመሆኑ ፊልም ፈጽሞ እዚያ አይገባም፤ አሁን አሁን በየአየር ማረፊያው የሚተከሉት ዕቃውን ከየአቅጣጫው በራጅ የሚያዩት ባለ ሲቲ ማሽኖችም የእጅ ቦርሳ ውስጥ ያለውን ያልታጠበ ፊልም ያጨግጋሉ። ፊልሙ በእጅ እንዲፈተሽ መለመን ነው፤ ፈታሹ እሺ ካለ። እዚሁ እንዲታጠብ ልቤ የቆረጠው እዚህ ላይ ነው።

22ኛ ምላሽ። ይህ የእኔ ነው። ፊልሞቹ በሀጂ ቤት፣ በመምህሩ ቅመም ታጠቡ። የተከራከሩት በማጠቢያው አኳኋን ነበር፤ መምህሩ ብርሃን በማያስገባ የማጠቢያ ታንክ ይሁን ሲል፣ ሀጂ ሰፊውን ፊልም በሳህን እንጂ በሌላ አላጥብም አሉ፤ ሀጂ አሸነፉ። ፊልሙ ከተጠቀለለበት ሲፈታ እንደ ሞላ ሽቦ መልሶ ይጠቀለል ስለነበር በታንኩ መጠምጠሚያ ላይ አይገባም ነበርና፣ ሀጂ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ፣ ዴቨሎፐሩ ውስጥ ያመላልሱት ጀመር። ስልኮቻችን ሁሉ ከክፍሉ ውጭ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው በር ላይ ቆማ ደቂቃውን ትጠራልን ነበር። ሃይፖው ሲጨርስና አምፖሉ ሲበራ በፊልሙ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ቁጥሮችን ነው፦ የጀርባ ወረቀቱ ጽሑፍ በዘመን ብዛት ወደ ፊልሙ ተላልፎ፣ በሰማዩ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ከስምንቱ ፍሬሞች አምስቱ ግልጽ ናቸው። ከእነርሱ በአንዱ ላይ በጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ሥር የቆሙ ሰዎች ይታያሉ፤ የምሰሶዎቹ ቅርጽ እስኪለይ ድረስ ጥርት ያለ ነው። በሌላው ተማሪዎች ዶማ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ከግራ ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኗል።

ኮዳከለሩ አዘነብን። የፕላስቲክ ቤቱ በጨለማ ተሰብሮ፣ ጫፉ ተሞክሮ፣ በቀዝቃዛው ቢታጠብም የወጣው እንደ ሻይ የጠቆረ ፊልም ነው፤ ወደ ኃይለኛ መብራት ሲያዙት ብቻ የአንድ ቤት ጣሪያና ምናልባት የልጅ ጭንቅላት ጥላ ይታያል። የዜኒቱ ፊልም በዳር ጽሑፉ ኦርዎ ኤን ፒ 20 መሆኑን አስነበበን፤ የጥገና ባለሙያው ግምት ደረሰ። ከመካከሉ ጥቂት ፍሬሞች ጠቁረዋል፤ አንድ ሰው ካሜራውን በብርሃን ከፍቶ ወዲያው የዘጋው ይመስላል። ከውስጥ ተጠቅልለው የነበሩት ግን ደኅና ናቸው፤ ከላይ የነበረው ጥቅል ጋርዷቸዋልና። የነርሷ እናት ፊልምም የተረፈለት ጫፍ በዚህ ዓይነት ነው የዳነው። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱን ያጠፋው ሙቀትና እርጥበት ሲሆን፣ በሌላው ላይ የጠቆረው ክፍል የሰው እጅ ሥራ ነው። ፎቶ ቤቱ ተቃጥሏል ያለው ቬሪክሮም ፓን ከሁሉ የተሻለ ሆኖ መገኘቱን ለማስታወስ እወዳለሁ።

23ኛ ምላሽ። ደስታውን የተካፈሉ ብዙ ናቸው፤ ይህ ግን የተለየ ነበር። አንዲት የሕግ ባለሙያ፣ የኦርዎው ፊልም በደርግ ዘመን የተነሣ ከሆነ በውስጡ የሚታዩት ሰዎች ወይም ልጆቻቸው በሕይወት ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ በዚያ ዘመን ማን ከማን ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሣ የሚለው ደግሞ ዛሬም ቀላል ነገር አለመሆኑን አስገነዘበች። ፊልሙን ያጠበ ሰው ፊልሙ የእርሱ ቢሆንም ፊቶቹ የእርሱ አይደሉም የሚል ነው ሐሳቧ፤ ቤተሰብ አይቶ ሳይፈቅድ ወደ መድረኩ እንዳይለቀቅ ጠየቀች።

24ኛ ምላሽ። የዋሽንግተኑ ሰው ይህን ፍርሃት አላስፈላጊ ነው አለ፤ ታሪክ ይደበቅ ማለት ነው ወይ ብሎም ጠየቀ። ሕግ ባለሙያዋ ከሩቅ ሆኖ በሰው ደጅ ታሪክ መጻፍ ቀላል ነው ስትል መለሰች። ንግግራቸው እየከረረ ስለሄደ አስተባባሪው ገቡበት። እኔ ከእርሷ ጋር ነኝ። የጅሬኑንና የተማሪዎቹን ምስል እለቅቃለሁ፤ የኦርዎዎቹን ግን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ካየው በኋላ እንነጋገራለን።

25ኛ ምላሽ። ሠርግ ፎቶግራፍ አንሺዋ ጭጋግ የበዛበትን ነጌቲቭ ወደ ምስል ስለ መለወጥ ጥሩ ምክር ሰጠች። ተራ ስካነር በጠቆረ ፊልም ውስጥ አያልፍም፤ ነጌቲቩን በእኩል በሚያበራ ነጭ መብራት ላይ ዘርግቶ፣ ዳር ዳሩን በጥቁር ወረቀት ሸፍኖ፣ በዲጂታል ካሜራ በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግሞ ማንሣት ይሻላል። በኬሚካል ለማሳሳት መሞከር ግን አንድ ጊዜ ካለፈ የማይመለስ ስለሆነ አትንኩት አለች። ለኮዳከለሩ የምሞክረው ይህንን ነው።

26ኛ ምላሽ። ሀጂ፣ ሃይፖ በደንብ ያልለቀቀው ነጌቲቭ ከጊዜ በኋላ እንደሚወይብ አስታውሰው፣ የሦስቱንም ማለቅለቅ እንደገና ሊያደርጉት እንደሚፈልጉ፣ ፊልሞቹንም በፕላስቲክ አልበም ኪስ ውስጥ እንዳላስቀምጥ አስጠነቀቁ። መምህሩ ሁሉም ፕላስቲክ አንድ እንዳልሆነ፣ ጎጂው የቪኒል ዓይነቱ እንደሆነ ጽፎ መለሰ። ሀጂ በጅማ ገበያ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይለይልናል አሉ። በዚህ እስከ አሁን አልተስማሙም፤ ነጌቲቮቹ ግን በተራ ነጭ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ናቸው፤ ለማለቅለቂያው ደግሞ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እንገናኛለን።